ተሸንፎ በምርጫ የተመለሰው ዴ ቫሌራ

ስለ አየርላንድ ትግል ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ማይክል ኮሊንስ ነው፤ ፊልም ተሠርቶለታላ! ዛሬ ግን ስለ ሌላኛው፣ ስለ ኤሞን ዴ ቫሌራ እናውጋ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው በ1882 ኒውዮርክ ተወልዶ ያደገው አየርላንድ ገጠር፣ የእናቱ ዘመዶች ዘንድ ነው። የሒሳብ መምህር ነበር። በ1916ቱ የፋሲካ አመፅ ደብሊን ውስጥ ጦር መርቶ ተዋጋ፤ ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀየረለት። በ1919 ከእንግሊዝ እስር ቤት አመለጠና እንግሊዝ የማታውቀው የአየርላንድ ፓርላማ መሪ ሆነ።

በ1921 ለንደን ላይ ወሳኙ ድርድር ሲጀመር እሱ ደብሊን ቀርቶ ኮሊንስንና አርተር ግሪፊዝን ላከ። ይዘውት የተመለሱት ስምምነት የራስ መንግሥት ይሰጣል፤ ግን ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነት መማልን ይጠይቃል። ፓርላማው በ64 ለ57 ድምፅ አጸደቀው። ዴ ቫሌራ አልቀበልም አለ። በ1922 የትናንት ጓዶች ተታኮሱ፤ ኮሊንስ በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ተገደለ። በ1923 የዴ ቫሌራ ወገን ተሸነፈ፤ እሱም ታሰረ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ባልጻፍነው ነበር። ከእስር ወጥቶ በ1926 ፊአና ፎይል የተባለውን ፓርቲ መሠረተ። በ1927 ያንን ወንድማማች ያጋደለ መሐላ ባዶ ፎርማሊቲ ነው ብሎ ፈረመና ፓርላማ ገባ። በ1932 ምርጫ ቀናው። ዊሊያም ኮስግሬቭም ትናንት መንግሥቱ ላሰረው ሰው ያለ ጥይት ሥልጣኑን አስረከበ። ዴ ቫሌራ በ1933 መሐላውን በሕግ ሰረዘው፤ በ1937 አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀ።

ለእኛም ቅርብ ነው። ጣሊያን በ1935 ስትወረን፣ በአገሩ ካቶሊክ አገር ለምን ይቀጣል የሚሉ እያሉ፣ አየርላንድ በመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ተካፈለች።

እንከን የለሽ ነው እያልን አይደለም። በ1945 ሂትለር ሲሞት ጀርመኑ ተወካይ ዘንድ ሄዶ ሐዘኑን መግለጹ እስካሁን ያስወቅሰዋል። እኛን ይበልጥ የሚከነክነን ግን ሌላ ነው። ኮሊንስ ስምምነቱ የነፃነት መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም ብሎ ነበር፤ ትክክል እንደነበር በተግባር ያሳየው ራሱ ዴ ቫሌራ ሆነ። በ1927 የተፈረመው ፊርማ በ1922 ቢፈረም ኖሮ ስንት ሰው በተረፈ?

ሁለቱም ወገኖች ግን በመጨረሻ አንድ ነገር ተማሩ፤ ያሸነፈው ማስረከብን፣ የተሸነፈው በድምፅ መመለስን። እኛስ?