ጥሬ ሥጋና ኮሶ፦ አብረው ኖረው በስደት የተለያዩት

ኢትዮጵያዊ በተሰደደበት አገር ሁሉ ምግብ ቤት ከፍቷል። ምግብ ቤት በከፈተበትም ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ቁርጥ የሚጠይቅ እንግዳ አይጠፋም። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በፋሲካ ፍስክ፣ በመስቀል ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋ ያልቀረበበት ድግስ ለብዙዎች ድግስ አይባልም። ልማዱ ከየት መጣ? አባቶችስ እንዴት ኖሩበት? የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም።

በአፍ የሚነገረው ታሪክ ጥሬ ሥጋ የተጀመረው በግራኝ አሕመድ ጦርነት ነው ይላል። ወታደሩ ጭሱ ያለበትን እንዳያሳብቅበት እሳት ማንደድ ትቶ ሥጋውን በጥሬው በላ፣ በዚያው ለመደ ይባላል። ትረካው ይጥማል፤ የጽሑፍ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር ገብቶ ስድስት ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በአንጎት ገዥ ማዕድ ላይ ጥሬ የከብት ሥጋ መቅረቡን ጽፏል። ጦርነቱ የተፋፋመው ከ1529 ወዲህ ነው። እንግዲህ ልማዱ ከጦርነቱ ይቀድማል፤ የመኳንንት ማዕድ እንጂ የችግር ቀን ምግብ ብቻ አልነበረም። በዐፄ ምኒልክም ዘመን በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ በሺህ ለሚቆጠር ሰው ግብር ሲበላ፣ ብርንዶው የግብሩ ዋና ክብር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ያየውን በ1790 በመጽሐፍ ሲያሳትም፣ የጥሬ ሥጋው ወሬ ለንደንን አሳቀ፤ ብዙዎችም ውሸታም አሉት። ይኸው ሰው ግን በዚያው መጽሐፍ ስለ ኮሶ ዛፍ በሰፊው ጽፎ፣ ሥዕሉን ጨምሮ፣ መድኃኒትነቱን መስክሯል። አንባቢው ሥጋውን ብቻ አስታወሰ፤ ኮሶውን ረሳ።

ለአባቶች ግን ሁለቱ የማይነጣጠሉ ነበሩ። ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የኮሶ አበባ ተፈጭቶ፣ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ ጠዋት በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ለሥራም ለሙግትም አይፈለግም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ይበቃል፤ ጌታም ሎሌም ይጠጣዋልና አያሳፍርም። እንቆቆና መተሬም ለዚሁ ይውሉ ነበር። ቋንቋው ራሱ ምስክር ነው፤ አማርኛ ትሉን የሚጠራው በመድኃኒቱ ስም «የኮሶ ትል» ብሎ ነው።

ኮሶ በታሪክ ውስጥ ስድብም ሆኖ ያውቃል። ደጃዝማች ወንድይራድ ገና ሽፍታ የነበረውን ካሣን፣ የኋላውን ዐፄ ቴዎድሮስን፣ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ ፎክሮበት ነበር። ካሣ ድል ሲነሣው «እናቴ ሳትሸጠው የተረፈ ነው» ብሎ ኮሶ አስጠጣው ይባላል። የሚያስነውረው መሸጡ እንጂ መጠጣቱ አልነበረም።

አውሮፓ ኮሶን የተቀበለችው ዘግይታ ነው። ብራየር የሚባል ሐኪም በቁስጥንጥንያ ፈውሱን አይቶ አበባውን ወደ ፓሪስ አደረሰ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽም በለንደንና በፓሪስ ፋርማሲዎች በውድ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። ትሉ ከየት እንደሚመጣ በሙከራ ለይቶ ያሳየው ደግሞ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት ነው፤ በ1861 ገደማ እንቁላሉን ለጥጃ አብልቶ፣ በጥጃው ጡንቻ ውስጥ ከረጢት ሠርቶ አገኘው። ሰው ያንን ሥጋ በጥሬው ሲበላ ከረጢቱ በአንጀቱ ውስጥ ከ4 እስከ 10 ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል።

ስደተኛው ከአገሩ ሲወጣ ቢላዋውንና ሚጥሚጣውን ይዞ ወጣ፤ ኮሶውን ትቶ። እርግጥ ነው፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ቄራዎች መርማሪ የከብቱን መንጋጋና ልብ እየተለተለ ከረጢቱን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የትሉ ሥጋት ከአገር ቤት ያነሰ ነው። ይሁንና ምርመራው ሁሉንም አያገኝም። ኮሶ የማያውቀው ሌላ ጠላትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በምዕራብ አሜሪካ በደንብ ካልበሰለ የተፈጨ ሥጋ በተነሣ ኢ. ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው አራት ሕፃናት ሞተዋል። ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚቀመጠው በሥጋው ገጽ ላይ ነው፤ ሲፈጭ ግን ውስጥ ድረስ ይደባለቃል። ከሱፐርማርኬት የተገዛ የተፈጨ ሥጋ ለክትፎ የማይሆነው ለዚህ ነው። ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ ለ10 ቀን ማቀዝቀዝ ትሉን ይገድላል፤ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች የበሰለውን ቢበሉ ይሻላቸዋል።

መፍትሔው ኮሶ ከአገር ቤት ማስላክም አይደለም። መጠኑ ሲበዛ የዓይን ብርሃን ይጎዳል፣ ጽንስም ያስወርዳል። ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ በሚወሰድ መጠን ትሉን ይጨርሳሉ። የሚያስቸግረው መድኃኒቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። የውጭ አገር ሐኪም «ጥሬ ሥጋ ትበላለህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ታማሚውም እንደ ብሩስ ዘመን ይሳቅብኛል ብሎ አይናገርም። አባቶች ያላፈሩበትን ልጆች ሊያፍሩበት አይገባም። ቁርጥ የሚበላ ሰው ለሐኪሙ በግልጽ ይንገር፣ ሰገራውን ያስመርምር። ባህልን መጠበቅ ማለት ከሥጋው ጋር ጥንቃቄውንም መውረስ ነው።