የጎጃም ጦረኛ ትጥቅ፦ አገጣጠሙና አመዛዘኑ

የአንድ ሕዝብ የጦር ትጥቅ የቆዳና የብረት ክምችት ብቻ አይደለም። የሠሪዎቹን የእጅ ጥበብ፣ የዘመኑን የማዕረግ ሥርዓትና ኅብረተሰቡ ጀግና ብሎ የሚጠራውን ሰው መልክ አዋሕዶ የያዘ የታሪክ ሰነድ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሰነድ በሚገባ የሚነበበው ክፍሎቹ በየቦታቸው ሲውሉ ነው። ጋሻው ለብቻው ከግድግዳ፣ ለምዱ ለብቻው ከሣጥን፣ ጎራዴው ለብቻው ከገበያ ሲገኝ የሚናገሩት ቃል የተቆራረጠ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የ19ኛው መቶ ዘመን የጎጃም ጦረኛ ትጥቅ እንዴት እንደሚገጣጠምና በምን ሚዛን እንደሚመዘን ለማሳየት እንሞክራለን። ጉዳዩ ጀግናን በሸራ፣ በሐውልት፣ በመድረክ ወይም በአሻንጉሊት ለሚቀርጽ ሁሉ የዕለት ሥራ ጉዳይ ነው።

ትጥቅን ወደ ምስል የመለወጥ ሥራ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል የጃፓን ታሪክ ያስረዳል። ሳሙራይ የተባሉት የዚያች አገር ጦረኞች በአደባባይ ሰይፍ እንዳይታጠቁ በ1876 እ.ኤ.አ. በአዋጅ ተከለከሉ። የጦር ልብሳቸው ትዝታ ግን ከሕዝቡ ልብ አልወጣም። ሜይ 5 ቀን በሚውለው የልጆች በዓል፣ ጥሩር የለበሱ ትናንሽ የጦረኛ አሻንጉሊቶችን በየቤቱ ማቆም ልማድ ሆኖ ቀረ። በ1979 እ.ኤ.አ. «ጋንዳም» የተባለው ተንቀሳቃሽ የሥዕል ፊልም በቴሌቪዥን ቀረበ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ባንዳይ የተባለው ኩባንያ በፊልሙ ውስጥ ያለውን ጥሩር ለበስ ግዙፍ መኪና በሚገጣጠም የፕላስቲክ ምስል ለገበያ አወጣ። በምስሉ ራስ ላይ የጥንቱ የሳሙራይ ቁር ቅርጽ ይታያል። የዚህ ዓይነት ምስል ሰብሳቢዎች መጋጠሚያው መጥበቁን፣ ክንዱና ጉልበቱ መታጠፉን፣ አንድም ክፍል አለመጉደሉን፣ ቀለሙ ከታሪኩ ጋር መስማማቱን ይመረምራሉ። ለእኛ የሚጠቅመን አሻንጉሊቱን መቅዳቱ ሳይሆን ይህን የምርመራ ጥንቃቄ መውሰዱ ነው። የራሳችንን ጦረኛ በዚሁ ጥንቃቄ ልንገጣጥመው እንችላለን ወይ?

ለዚህ ጥያቄ የጎጃም ደጋ ሰፊ መስክ ይሰጠናል። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘውድ ተቀብለው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ መናገሻቸውም ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው ደብረ ማርቆስ ነበር። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጦር ጋር ገጥመው ድል ሆኑ፤ ቆስለውም ተማረኩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን የጎጃምን ጦር ይዘው ከዚያው ከምኒልክ ጋር በዓድዋ ተሰለፉ። በ1893 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ባሉት 20 ዓመታት ጠመንጃ የጦርነቱ ወሳኝ መሣሪያ እየሆነ ሄደ። ጋሻና ጦር ከሜዳው ባይጠፉም የክብር ምልክትነታቸው ከአገልግሎታቸው እየጎላ መጣ። ስለሆነም የዚህ ዘመን ትጥቅ ጥቅምና ጌጥ፣ አሮጌና አዲስ ጎን ለጎን የሚታዩበት ነው።

አገጣጠሙ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል። በመጀመሪያ እጀ ጠባብና ሱሪ ይለበሳል፤ ወገብ በድግ ይታሰራል። ከዚያ ጎራዴው ወይም ሾተሉ ከነሰገባው በቀኝ ጎን ይታጠቃል። በቀኝ መሆኑ ለዛሬ ሠዓሊ እንግዳ ሊመስለው ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ግራ ክንድ ጋሻ ስለሚይዝ፣ ከግራ ጎን የሚመዘዝ ሰይፍ ከጋሻው ጋር ይጋጫል። ከትጥቁ በላይ በትከሻ ላይ ለምድ ይደረባል። ለምዱ እንደ ባለቤቱ ማዕረግ ከአንበሳ፣ ከነብር ወይም ከበግ ቆዳ፣ አለዚያም ወርቅማ ጥልፍ ካለው ከፋይ ይሠራል። በዳሩ የሚንጠለጠሉት ዘርፎች የእንስሳውን እግሮችና ጅራት ያስታውሳሉ፤ ከፋይ በቆዳ ፈንታ በገባ ጊዜም ቅርጹ አልተለወጠም። የአንበሳ ጎፈር በራስ ላይ፣ የብር ቢትዋ በክንድ ላይ የሚታዩት የጀግንነትና የሹመት ምስክር ሆነው ነው። በመጨረሻ ጋሻ በግራ፣ ጦር በቀኝ ይያዛል። ጦረኛው ፈረሰኛ ከሆነ እርካቡም መታየት አለበት፤ ጠባብ በመሆኑ በባዶ እግሩ የሚጋልበው ሰው የሚያስገባበት አውራ ጣቱን ብቻ ነው። በዚህ እርካብ ላይ ሙሉ ጫማ አስገብቶ የሚሥል ሠዓሊ ፈረሰኛውን ከሌላ አገር አምጥቶታል ማለት ነው።

ከክፍሎቹ ሁሉ የብዙ እጅ ድካም የሚታይበት ጋሻው ነው። ጋሻ ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከሰንጋ ቆዳ ይሠራል። በጣና ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች በጉማሬ አዳኝነታቸው የታወቁ ነበሩ። ወፍራሙ ቆዳ በእርጥቡ ይወጠራል፤ መካከሉ ጎላ ብሎ እንዲወጣ ተደርጎ ይደርቃል፤ በውስጡም መያዣ ይበጅለታል። ለባለማዕረግ የሚሆነው በከፋይ ይለበጥና በብር ወይም በነሐስ ጌጥ ይሸለማል። ጋሻውን ተሸክሞ ጌታውን የሚከተለው ጋሻ ጃግሬ ራሱን የቻለ አገልጋይ ነበር። እንግዲህ በአንድ ጋሻ ውስጥ አዳኙ፣ ቆዳ ፋቂው፣ አንጥረኛውና ተሸካሚው አሉ። ነገር ግን በጋሻው የተከበረው ያነገበው ሰው ሲሆን፣ የሠሩት ሰዎች «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ መከልከላቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል።

ከዚህ በመነሣት አንድን ትጥቅ በሦስት ጥያቄዎች ልንመዝነው እንችላለን። አንደኛው፣ ክፍሎቹ የአንድ ዘመንና የአንድ ማዕረግ ናቸው ወይ? የሚል ነው። በ1928 ዓ.ም. በገባው ጠላት ላይ በጎጃም የተነሣው አርበኛ በላይ ዘለቀ በፈረስ ስሙ «አባ ኮስትር» ቢባልም፣ የዘመኑ መሣሪያ ጠመንጃና ዝናር ነበር። በእጁ ጋሻና ጦር ብቻ አስይዞ መሣል የአያቱን ዘመን ማልበስ ነው። ሁለተኛው፣ ዕቃው ሥራውን ሊሠራ ይችላል ወይ? የሚል ነው። መያዣ የሌለው ጋሻ፣ ከሰገባው የማይመዘዝ ጎራዴ ለጎብኚ የተሠራ ጌጥ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ሦስተኛው፣ ዕቃው ከየት መጣ? የሚል ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ጋሻ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ተቃውሞ ተነሥቶ ከሽያጭ ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በላዩ የመቅደላ ስምና የዘመቻው ቀን በእንግሊዝኛ ተቀርጾበታል። ገበያው ጽሑፉን የዋጋ መጨመሪያ ያደርገዋል፤ ለእኛ ግን ዕቃው ከባለቤቱ የተለየበት ቀን ምስክር ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት በመጽሐፍ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል፣ ፈረስን ከነኮርቻውና ከነጌጡ የማልበስ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይታያል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን የዓድዋን ፈረሰኞች ያስባል። ሠዓሊው ንድፉን፣ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ እንዲህ ካለው ሥፍራ ሊሄድ ይገባል፤ የኪነት ቡድኑም ለመድረክ ልብስ ከማሰፋቱ በፊት አዛውንቶቹን ሊጠይቅ ይገባል። የእያንዳንዱን ክፍል ስም፣ ቦታና ምክንያት መመዝገብ የሚቻለው የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነው። አንድ ልጅ የሩቅ አገር ጥሩር ለባሽ ክፍሎችን አንድ በአንድ ቆጥሮ መገጣጠሙ የሚያስወቅሰው አይደለም። የሚያስወቅሰን እኛን ነው፤ የገዛ አያቱ ጎራዴ በየትኛው ጎን እንደሚታጠቅ ጠይቆን የምንመልስለት ካጣን።