ብሪጅ፦ ውሉን የሚያተርፈው የመጀመሪያው ዙር ስሌት

በካርቱም ዊስትና ኮንካን፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ኮንከር የካርታ ወዳጆችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያሰባስባሉ። ብሪጅ የዊስት የቅርብ ዘመድ ነው። የዘመናዊውን ብሪጅ የነጥብ አሰጣጥ እአአ በ1925 የቀረጸው አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ሲሆን፣ በቀጣናው ስሙን ካስጠሩት መካከል ግብፃዊው ተዋናይ ኦማር ሸሪፍ ቀዳሚው ነው።

አራት ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ሆነው ይቧደናሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 13 ካርታ ይታደላል። ጨረታውን ያሸነፈው ወገን ስንት ዙር እንደሚወስድ ውል ይገባል። ከተጋጣሚዎቹ አንዱ የመጀመሪያውን ካርታ ሲጥል የባለውሉ አጋር ካርታዎቹን ይዘረጋል፤ ባለውሉም ሁለቱንም እጆች ብቻውን ይጫወታል።

እዚህ ላይ መቸኮል ውል ያፈርሳል። አስቀድሞ የተረጋገጡትን ዙሮች መቁጠር፣ የጎደለው ከየት እንደሚገኝ መለየት፣ ከዚያም አደጋው ከየትኛው ተጋጣሚ እንደሚመጣ መመርመር ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ውሉ፣ የበላይ ሆኖ ሌላውን የሚቆርጥ የካርታ ዓይነት ሳይኖር፣ ዘጠኝ ዙር መውሰድ ነው እንበል። ባለውሉ በእጁና በተዘረጋው ካርታ ከስፔድ አንድ፣ ከኸርት ሦስት፣ ከክለብ ሁለት፣ በድምሩ ስድስት የተረጋገጡ ዙሮች አሉት። በዳይመንድ ከአስ በቀር ትልልቆቹን ሁሉ ስለያዘ፣ አንድ ዙር ለአስ ከከፈለ በኋላ አራት ያገኛል። ድምሩ አሥር ነው።

ተጋጣሚው ግን በስፔድ ጀምሯል፤ ባለውሉ በዚህ ዓይነት ያለው መከላከያ አስ ብቻ ነው። ጀማሪው አምስት ስፔድ፣ ጓደኛው ሦስት ይዘዋል እንበል። ባለውሉ አሱን ወዲያው ቢጥል፣ የዳይመንድ አስ የያዘው ጓደኛ ዙሩን ወስዶ ስፔድ ይመልሳል። አራት ስፔድና አንድ ዳይመንድ ይጠፋሉ፤ ውሉም በአንድ ዙር ይከሽፋል።

ባለውሉ ሁለት ዙር ታግሦ አሱን በሦስተኛው ቢጥል ግን የጓደኛው ስፔድ ያልቃል። የዳይመንዱን አስ ቢወስድም ለጀማሪው የሚያቀብለው ስፔድ አይኖረውም። የጠፋው ሦስት ዙር ብቻ ይሆናል፤ ውሉም ተርፎት ይሞላል።

የዳይመንዱ አስ በጀማሪው እጅ ከሆነ ትዕግሥቱ አይጠቅምም፤ መቸኮሉም ግን ያንኑ ውል አያድንም። ስፔዱ አራት አራት ተከፍሎ ከሆነ ደግሞ መታገሡ የሚያጎድለው አንድም ዙር የለም። ባለውሉ የተጋጣሚዎቹን እጅ ባያይም፣ ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚሻል አስቀድሞ ማወቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።