ተግባራዊ ሥዕልና የግል ፈጠራ፦ የሦስት ተማሪዎች ታሪክ

በ1933 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ድል ተመትቶ ከአዲስ አበባ በወጣበት ወቅት፣ ከሱዳን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ከዘለቁት እንግሊዛውያን መካከል የአንዱ መሣሪያ ብዕር፣ ቀለምና ወረቀት ነበር። ይህ ሰው ኤድዋርድ ቦደን ይባላል። ጦርነቱን በሥዕል እንዲመዘግብ በአገሩ መንግሥት የተላከ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ሳለ የዳግማዊ ምኒልክን አሮጌ ግቢ በወረቀት ላይ ሣለ። ሥዕሉ ለንደን ከተማ በሚገኘው በቴት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል።

ነገሩን ይበልጥ አስደናቂ የሚያደርገው ቦደን ለዚህ ኃላፊነት የበቃበት መንገድ ነው። ይህ ሰው በታላላቅ ሸራዎች ላይ የጦር አውድማ መሣልን አልተማረም። የተማረው የፊደል አጣጣልንና የመጽሐፍ ማስጌጥን ሥራ ነበር። እስከ ጦርነቱ ድረስ እንጀራውን ያገኘውም ለሻይ ነጋዴዎች፣ ለባንኮችና ለነዳጅ ኩባንያዎች የማስታወቂያ ሥዕል በመሥራት ነው። ታዲያ ለገበያ ሲሠራ የኖረ እጅ የታሪክ ምስክር ለመሆን እንዴት በቃ?

ሥዕልን ለመጽሐፍ፣ ለማስታወቂያ፣ ለጨርቅ፣ ለሸክላ ዕቃና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች ማዋል ተግባራዊ ሥዕል ይባላል። ይህን ሙያ የሚማር ወጣት ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። የሌላውን ሰው ጽሑፍ እያጀበ፣ የሌላውን ሰው ትእዛዝ እየፈጸመ፣ በተወሰነለት ስፋትና በተቆረጠለት ቀን እየሠራ፣ የራሱ የሆነ አሣሣል ሊኖረው ይችላልን? ወይስ አገልግሎቱ ፈጠራውን ውጦ ያስቀረዋል? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1922 ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ትምህርት የጀመሩት የሦስት ወጣቶች ታሪክ ነው።

የኮሌጁ አመሠራረት ራሱ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ነው። እንግሊዝ በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀሱ ፋብሪካዎችን በማቋቋም ቀዳሚ ብትሆንም፣ የምታመርታቸው ጨርቆችና የቤት ዕቃዎች በውበት ከፈረንሳይ ምርቶች ጋር ለመወዳደር አልቻሉም። ስለዚህም የአገሪቱ ፓርላማ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ፤ በኮሚቴው ጥናት መሠረትም እ.ኤ.አ. በ1837 የመንግሥት የንድፍ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዓላማው ለፋብሪካ የሚያገለግሉ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። ይሁን እንጂ ጊዜ እየገፋ ሲሄድ ትምህርት ቤቱ ከተነሣበት ዓላማ ራቀ። እ.ኤ.አ. በ1896 የንጉሣዊ ኮሌጅነት ስያሜ ባገኘበት ወቅት፣ ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ ወደ ፋብሪካ ሳይሆን ወደ መምህርነት ይሄዱ ነበር። ሠዓሊነትና ቀራፂነት የክብር ወንበር ሲያገኙ፣ የንድፍ ክፍሉ እንደ ታናሽ ወንድም ይታይ ጀመር።

ቦደንና ጓደኛው ኤሪክ ራቪልየስ የገቡት በዚሁ ታናሽ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ቦደን ኤሴክስ በተባለው አውራጃ የሚኖር የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ ልጅ ሲሆን፣ ራቪልየስ ደግሞ ያደገው በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በኢስትቦርን ከተማ ነው። ሦስተኛዋ ተማሪ ኢኒድ ማርክስ በበኩሏ የተመዘገበችው በተከበረው የሥዕል ክፍል ነበር። በዘመኑ ኮሌጁን ይመሩ የነበሩት ሠዓሊው ዊሊያም ሮዘንስታይን ሲሆኑ፣ ካደረጓቸው መልካም ነገሮች አንዱ በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎችን በትርፍ ጊዜ መምህርነት መጋበዛቸው ነው። ከተጋባዦቹ መካከል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሥዕሎቹ ስሙ የታወቀው ፖል ናሽ ይገኝበታል።

ናሽ እ.ኤ.አ. በ1924 እና በ1925 በኮሌጁ ያስተማረበት ጊዜ አጭር ነው። ሆኖም የትምህርቱን ፍሬ በወራት ብዛት መለካት አይቻልም። ራሱ መጽሐፍ የሚያስጌጥ፣ ለጨርቅ ንድፍ የሚሠራ፣ በውሃ ቀለም የሚሥልና በእንጨት ላይ የሚቀርጽ ሰው ስለ ነበረ፣ አንድ ሠዓሊ እነዚህን ሥራዎች ሳይነጣጥል ሊይዛቸው እንደሚችል ለተማሪዎቹ በቃል ሳይሆን በኑሮው አሳያቸው። ራቪልየስም የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን ጠንቅቆ እንዲይዝ አበረታታው።

ይህ ጥበብ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ጥቂት ማብራራት ተገቢ ነው። ቀራጩ በአግድም ከተቆረጠ ጠንካራ እንጨት ላይ በሹል የብረት መቅረጫ መስመሮችን ይፍቃል። ከዚያም የእንጨቱ ገጽ ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ሲታተም፣ ያልተነካው ክፍል ጥቁር ሆኖ ሲወጣ የተፋቀው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ የሚሥል ሰው ከብርሃን ተነሥቶ ወደ ጥላ ይሄዳል። የእንጨት ቀራጭ ግን ከጨለማ ተነሥቶ በእያንዳንዱ ጭረት ብርሃን ያስገባል። የተሳሳተ ጭረት ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት አሳብ መጥራት ይኖርበታል።

ኢኒድ ማርክስ ይህን ሙያ ለመማር ብትፈልግም ወደ ክፍሉ እንድትገባ አልተፈቀደላትም። ራቪልየስ ግን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በስውር እያስገባ የተማረውን አስተማራት። እ.ኤ.አ. በ1925 የዲፕሎማ ፈተና በቀረበ ጊዜም ፈታኞቿ ሥራዋን ስላልተቀበሉት ወደቀች። ማርክስ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ቅርጽ በተቀረጸበት እንጨት ጨርቅ የሚያትም ሠሪ ዘንድ ገብታ ከተለማመደች በኋላ የራሷን ሥራ ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ1937 የለንደን የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት ለባቡር ወንበሮች የሚሆን ጨርቅ እንድትነድፍ ሥራ ሰጣት። ተግባሩ ቀላል አልነበረም። ንድፉ እድፍ የማያጋልጥ፣ መልበስና መቀመጥ የሚችል፣ ባቡሩ ሲንቀጠቀጥም የተሳፋሪውን ዓይን የማያደክም መሆን ነበረበት። በእንጨት ላይ የተማረችው የመስመርና የቅርጽ ድግግሞሽ እዚህ ላይ አገለገላት። ዲፕሎማ የነፈጋት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1982 የክብር ዲግሪ ሰጣት፤ በመካከሉ 57 ዓመት አልፎ ነበር።

ቦደን ደግሞ እውነተኛውን ትምህርት ያገኘው በማተሚያ ቤት ነው። ገና ተማሪ ሳለ በከርወን ማተሚያ ቤት አማካይነት ለአንድ የሸክላ ፋብሪካ ማስተዋወቂያ መጽሔት ሥዕል እንዲሠራ ታዘዘ። ከተመረቀ በኋላም በሳምንት አንድ ቀን በዚያው ማተሚያ ቤት ይሠራ ጀመር። በዚያ ዘመን ርካሹ የሥዕል ማተሚያ ዘዴ ጥቁርና ነጭን ብቻ የሚያወጣ ነበር። ጥላ ማሳየት የፈለገ ሠዓሊ ቀለም ማቅጠን ስለማይችል በነጥብ፣ በቀጫጭን መስመሮችና በተደጋጋሚ ቅርጾች መተካት ነበረበት። ቦደን ይህን እጥረት እንደ እንቅፋት አልቆጠረውም፤ ከብዕሩ በሚወጡት ልዩ ልዩ የመስመር ዓይነቶች ምክንያት ሥዕሎቹ ፊርማ ሳያስፈልጋቸው የማን እንደ ሆኑ የሚታወቁ ሆኑ። ለወለል ምንጣፍ የሚውለውን ተራ ሊኖሊየም በቢላዋ እየቀረጸ፣ የማተሚያ መኪና ስላልነበረው በእግሩ እየረገጠ ማተምም ጀመረ። በኋላ ዘመን ስሙን ከፍ ያደረጉት ታላላቅ የሊኖ ኅትመቶች ከዚህ ዝቅተኛ ጅምር የተነሡ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1930 ሁለቱ ጓደኛሞች በለንደን ለሠራተኞች የማታ ትምህርት የሚሰጠውን የሞርሊ ኮሌጅን የምግብ አዳራሽ ግድግዳ በቴአትር ትዕይንቶች አስጌጡ። ክፍያቸው ለእያንዳንዳቸው በቀን 1 ፓውንድ ነበር። የገጽ ጌጥ ሲሠሩ የለመዱት እጆች በሰፊ ግድግዳ ላይ ሲሰማሩ ሥራው ሰመረላቸው፤ ስማቸውም በሕዝብ ዘንድ ታወቀ። ነገር ግን ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1940 በጀርመን የአየር ድብደባ ከሕንጻው ጋር ጠፋ። ቦደን ከ18 ዓመት በኋላ ለዚያው ኮሌጅ ሌላ የግድግዳ ሥዕል ሠርቷል።

በእነዚህ ዓመታት ሁለቱም ከትእዛዝ ሥራ ጎን ለጎን በገጠር መንደር ተቀምጠው በውሃ ቀለም ይሥሉ ነበር። ማንም ያላዘዛቸው፣ ለራሳቸው የሚሠሩት ሥራ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ለየብቻቸው ባቀረቧቸው ኤግዚቢሽኖች ግን የሁለቱ ሥራዎች ግድግዳ ፈርሶ ታየ። ራቪልየስ የደቡብ እንግሊዝን ነጫጭ ኮረብታዎች ሲሥል ቀለሙን አያፈስም፤ በቀጫጭን ጭረቶች ያሰፍረዋል፤ በጭረቶቹ መካከልም የወረቀቱ ንጣት እንደ ብርሃን ይታያል። ይህ በእንጨት ላይ የተማረው ነው። ኮረብታዎቹ ደግሞ በተራቸው ወደ ትእዛዝ ሥራው ተመልሰው በመጻሕፍት ገጾች ላይ ታዩ። በሕይወቱ ከ400 በላይ የኅትመት ሥዕሎችን ቀርጿል።

የአገልግሎት ሥራ ሸክሙ ቀላል ነበር ማለት ግን አይደለም። ራቪልየስ ለዌጅዉድ የሸክላ ፋብሪካ የንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛን ዘውድ መጫን የሚያስታውስ ኩባያ ነደፈ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1936 ዘውዱን ሳይጭኑ ዙፋናቸውን ስለለቀቁ፣ ንድፉ ለተተኪው ለጆርጅ 6ኛ እንዲስማማ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1953 ኤልሳቤጥ 2ኛ ዘውድ ሲጭኑም ይኸው ንድፍ እንደገና ታድሶ ወጣ። አዛዡ ይለወጣል፤ ትእዛዙም ይሻራል፤ በሚገባ የታሰበበት ንድፍ ግን ከአዛዡም ከትእዛዙም በላይ ይኖራል። ሠዓሊው ራሱ ግን ሦስተኛውን ኩባያ ለማየት አልታደለም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ሁለቱም በጦር ሠዓሊነት ተመደቡ። ራቪልየስ መርከቦችን፣ ሰርጓጅ መርከቦችንና አውሮፕላኖችን ሣለ። ቦደን ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ ኢትዮጵያ ዘለቀ። ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ነገር ማስፈር፣ ዋናውን ከትርፉ መለየት፣ ለተባለው ቀን መድረስ የማስታወቂያ ሥራ ያስተማረው ስለ ነበር፣ የጉዞው ድካምና የጊዜው ጥበት አላስደነገጡትም። ቀድሞ እምብዛም ያልነካውን የሰው መልክ መሣልንም በዚሁ ጉዞ አዳበረ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 1942 ራቪልየስ የተሳፈረበት አውሮፕላን በአይስላንድ ባሕር ላይ ጠፋ፤ ዕድሜው 39 ዓመት ነበር። ከ10 ቀን በኋላ ቦደን ከአፍሪካ ሲመለስ የተሳፈረበት ላኮኒያ የተባለ መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትቶ ሰጠመ። ቦደን ግን ተረፈ፤ ሞሮኮ ውስጥ በግዞት ካምፕ ከቆየ በኋላም ነጻ ወጣ። እስከ አረፈበት እስከ እ.ኤ.አ. 1989 ድረስም ሲያትምና ሲሥል ኖረ።

ከዚህ ታሪክ ለሥነ ጥበብ መምህራን የሚተርፍ ትምህርት አለ። አንደኛ፣ በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ በጥቂት ወራት የሚሰጠው ትምህርት ሥራውን የተወ መምህር በዓመታት ከሚሰጠው ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ተማሪው ማተሚያ ቤቱን፣ የሸማኔውን ዕቃና የሸክላውን ምድጃ በዓይኑ አይቶ በእጁ ካልነካ፣ ንድፉ በወረቀት ላይ ብቻ ያማረ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛ፣ የክፍሎች አጥርና የፈተና ውጤት የፈጠራን ልክ አያውቁም፤ የማርክስ ዕጣ ለዚህ ምስክር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የግል ፈጠራ ከአገልግሎት ሥራ ሲያርፉ የሚጀምሩት ሌላ ሥራ እንዳልሆነ ሦስቱም አሳይተዋል። የእንጨቱ ጥንካሬ፣ የኅትመቱ ጥቁርና ነጭ፣ የባቡሩ መንቀጥቀጥ እያንዳንዱን ሠዓሊ የራሱን መንገድ እንዲፈልግ አስገደደው፤ የተገኘውም መንገድ የእርሱ ብቻ ሆነ። በአዲስ አበባ አሮጌውን ግቢ የሣለውም እጅ ይኸው ለሻይ ነጋዴ ይሠራ የነበረው እጅ ነው።