ጥፋቱ የእጅ ነው የመርፌ?

ደም ሊቀዱን ሲመጡ አብዛኞቻችን ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። ጭንቃችን መርፌው ገብቶ እስኪወጣ ነው። ጥጡን ጫን አድርገን፣ ክንዳችንን አጥፈን ስንነሳ ነገሩ ለእኛ አለቀ። ለነርሷ ግን ገና መጀመሩ ነው። አሁን በእጇ ላይ ያለው መርፌ ሲገባ እንደነበረው ንጹሕ አይደለም፤ የእኛን ደም ይዟል። ጓንት አድርጋለች፤ ግን ጓንት መርፌ አያስቆምም። የዛሬ ወሬያችን ስለዚያች እኛ ስለማናያት ደቂቃ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በእኛ አገር በዋግምት ደም የሚያወጡ ሰዎች ቆዳውን በስለት ጫር ጫር ያደርጉና ቀንድ ይደፉበታል፤ ከዚያ በቀንዱ ጫፍ በኩል አየሩን በአፋቸው ይስቡታል። አየሩ ሲወጣ ደሙ ይከተላል። ውስጡ ክፍት የሆነ መርፌ የመጣው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1844 ፍራንሲስ ሪንድ የተባለ ሐኪም ደብሊን ላይ መድኃኒትን በዚህ ዓይነት መርፌ ከቆዳ ሥር አስገባ። በ1853 አካባቢ ደግሞ ኤድንብራ ላይ አሌክሳንደር ውድ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሻርል ፕራቫዝ መርፌውን ከሲሪንጅ ጋር አገናኙት።

ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ የምናያቸው ባለ ቀይና ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦዎች የመጡት ደግሞ በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ጆሴፍ ክላይነር የተባለ ሰው አየሩ አስቀድሞ የተመጠጠ ቱቦ ሠራ፤ ቤክተን ዲኪንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም «ቫኪዩቴነር» ብሎ ለገበያ አቀረበው። መርፌው ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ደም ሥር ይገባል፣ ሌላው የቱቦውን የጎማ ክዳን ይበሳል። ቀሪውን ሥራ የሚሠራው ባዶው ቱቦ ነው። ከዋግምቱ ቀንድ ብዙም አይርቅም ማለት ነው። ደሙ ከበሽተኛው ክንድ ወደ ቱቦው ሲገባ ማንም አይነካውም። ትልቅ መሻሻል ነበር፤ ነገር ግን ከክንድ የወጣው መርፌ እንደተራቆተ ቀረ።

በ1984 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እንግሊዝ ውስጥ አንዲት ነርስ በመርፌ ተወግታ ኤች.አይ.ቪ. እንደያዛት ዘገበ። ዓለም ደነገጠ። እርግጥ አንድ ጊዜ መወጋት ማለት መያዝ ማለት አይደለም። ቫይረሱ ባለበት ደም ከተወጉ 1,000 ሰዎች ኤች.አይ.ቪ. የሚይዛቸው 3 ያህል ናቸው። ሄፓታይተስ ሲ ወደ 18 ይጠጋል። ሄፓታይተስ ቢ ካልተከተቡት ውስጥ ከ60 እስከ 300 ሊይዝ ይችላል። በተለይ ደም የተቀዳበት መርፌ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሆዱ ደም እንደያዘ ነው የሚወጋው።

ታዲያ ምን ተባለ? «ተጠንቀቁ!» ተባለ። ክዳኑን መልሳችሁ አትግጠሙ፣ አትቸኩሉ፣ ሐሳባችሁን ሰብስቡ። የተወጋች ነርስ ካለች ጥንቃቄ የጎደላት እሷ ናት ማለት ነው።

ይህን አስተሳሰብ የገለበጡት ጃኒን ጃገር የተባሉ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በአንድ ሆስፒታል የደረሱ 326 የመወጋት አደጋዎችን መዝግበው በ1988 ውጤቱን አሳተሙ። የጠየቁት «ማን ተወጋ?» ብለው ብቻ አልነበረም፤ «በየትኛው ዕቃ?» ብለውም ነበር። መልሱም ዕቃው እንደሚለያይ አሳየ። ተራው ሲሪንጅ ከተገዛው 100,000 ውስጥ 7 ያህል አደጋ ሲያደርስ፣ ከጉሉኮስ መስመር ጋር የሚገናኘው መርፌ ወደ 37 ያደርሳል። እጆቹ ያው እጆች ናቸው፤ ሆስፒታሉም ያው። ተፈትተው የሚነቀሉ ዕቃዎች ይበልጥ ይወጋሉ።

ክዳን ሲገጥሙ የተወጉትስ? ከአደጋዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በዚህ የመጡ ናቸው። ነገር ግን ሠራተኞቹ ክዳኑን የሚመልሱት ደንቡን ስለናቁ ብቻ አልነበረም። የተራቆተ መርፌ ይዞ ሰው በሞላበት ኮሪደር መሄድ፣ ወይም መርፌውን በባዶው መንቀል ይብስብናል ብለው ነው። ከሁለት አደጋ አንዱን እንዲመርጡ ያደረጋቸው ዕቃው ነበር።

ስለዚህ ዕቃው ይለወጥ! ተለወጠም። ደም ከተቀዳ በኋላ መርፌው ላይ የሚታጠፍ ሽፋን ያለው መጣ። በክንፍ የሚያዘው ቀጭን መርፌ ላይ ወደፊት የሚንሸራተት ሽፋን ተደረገለት። ከሁሉ የሚገርመው፣ ከደም ሥር ከመውጣቱ በፊት ከውስጡ ዱልዱም ዘንግ ብቅ ብሎ ስለቱን የሚያጠፋው ነው። ከ1993 እስከ 1995 በስድስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች ሦስቱም ተሞከሩ። አደጋው በዱልዱሙ 76፣ በሚታጠፈው ሽፋን 66፣ በሚንሸራተተው 23 በመቶ ቀነሰ።

«እሰይ! ሁሉም ገዛ» ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን። አልገዙም። ተራው መርፌ ርካሽ ነዋ። በ1998 ሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ ጉዳዩን በተከታታይ ዘገባ አጋለጠው፤ በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ አስተማማኝ መርፌ የሚያስገድድ ሕግ ከክፍላተ ሀገሩ ሁሉ ቀድማ አወጣች።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ካረን ዴሊ የተባሉ የማሳቹሴትስ ነርስ መርፌ ሊጥሉ እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ሲሰዱ ተወጉ። ከ20 ዓመት በላይ የሠሩ ባለሙያ ነበሩ። ኤች.አይ.ቪ.ም ሄፓታይተስ ሲም ያዛቸው። ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው መሰከሩ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ኅዳር 6 ቀን 2000 ሕጉን ሲፈርሙም እዚያው ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመወጋት አደጋ በ38 በመቶ ያህል ወረደ። ዛሬ በዚያ አገር በነርስነት የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ደም ቀድተው ሽፋኑን «ቀጭ» የሚያደርጉት በዚህ ሕግ ነው።

ልብ በሉ፤ ከጃገር ጥናት እስከ ክሊንተን ፊርማ 12 ዓመት ነው። በእነዚያ 12 ዓመታት የተወጋው ሁሉ «ምነው ብትጠነቀቂ» ሲባል ነበር። የእኛ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ይህን ነው። መርፌውን የመረጠውን መጠየቅ ይከብዳል፤ የተወጋችውን መገሠጽ ግን ይቀላል።

ወደ እኛም እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1999 እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ክትባት ሁሉ አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ በሚቆለፍ ሲሪንጅ እንዲሰጥ ጥሪ አቀረቡ። በእኛም አገር ልጆች የሚከተቡት በዚህ ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ የአንዱ ልጅ መርፌ ለሌላው አይደገምም። ነገር ግን መቆለፉ የሚጠብቀው ተከታዩን ልጅ ነው። ሽፋን ከሌለው መርፌው እንደተራቆተ ነው፤ ከታፋ ወጥቶ ሴፍቲ ቦክስ እስኪገባ የከታቢዋ ጣት ያው ለአደጋ የተጋለጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሠራተኛውንም የሚከልል ሲሪንጅ ይግባ ብሎ በግልጽ የመከረው በ2015 ነው።

«ድሆች ነን፣ ከየት አምጥተን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ባለ ሽፋኑ መርፌ ይወደዳል። ግን የአሜሪካው ሕግ ሁለት ርካሽ ነገሮችም አሉት። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መወጋት በየትኛው ዕቃና የት እንደደረሰ ይመዝገብ ይላል። ሁለተኛ፣ ዕቃ ሲመረጥ መርፌውን የሚይዙት ሰዎች ይጠየቁ ይላል። ለአንዱ ደብተር፣ ለሌላው ስብሰባ ይበቃል። ስብሰባ ደግሞ መቼ ቸግሮን ያውቃል?