ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦና የሰበታ መሬት

እናቶቻችን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ ነበር። እኛ ሰበታ የምንኖር ሴቶች ይህን ስንሰማ ትዝ የሚለን በቅሎም ጭብጦም አይደለም፤ መሬት ነው።

በንጉሡ ዘመን ብዙ ገበሬ ጭሰኛ ስለነበር ባለመሬቱ ውጣ ሲለው ይወጣ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር በላይ ከለከለ። ጭሰኝነት በዚያ ቀረ። «ውጣ» የማለት ሥልጣን ግን አልጠፋም፣ ወደ መንግሥት ተዛወረ እንጂ።

መንግሥትንስ ማን ይከለክለዋል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ዜጋም ባለሥልጣንም ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ ነው ይላል። አንቀጽ 40 ደግሞ ገበሬ ከመሬቱ እንዳይነቀል ዋስትና ይሰጣል፤ ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድም ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል።

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የመሬት ተነሺው ገበሬ የመፈናቀያ ካሳ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በዓመት በአማካይ 8,000 ብር ያገኘ 80,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ማባዛቱ ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚባዛው ቁጥር ላይ ነው። ገበሬ ደረሰኝ አይቆርጥም፣ ደብተርም አይዝም፤ ታዲያ 8,000ው ከየት መጣ? ግምቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ የሚል ደግሞ መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ካላቀረበ አይታይለትም ነበር። ጭብጦዋ ቀድማ ትሄዳለች፣ ፍርዱ ከኋላ ይከተላል።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በሚያዝያ 2006 ተቃውሞ አስነሳ። በኅዳር 2008 ከጊንጪ ዳግም የተነሣው ብዙ ሕይወት ቀጠፈ፤ ፕላኑም ጥር ላይ ተሠረዘ። መስከረም 2009 በከተማችን ፋብሪካ ሲቃጠልም አይተናል። እዚያ ይሠሩ የነበሩ እህቶቻችን በማግሥቱ የሚገቡበት ሥራ አልነበራቸውም። ሕግ የተጻፈው ለመንግሥት ብቻ ነው የሚል ካለ እነሱን ይጠይቅ።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን አሻሻለው፦ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ይባዛል። ያው ገበሬ ከሦስቱ በአንደኛው ዓመት 10,000 ብር ካገኘ 150,000 ብር ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የመዝገቡ ችግር ግን አልተፈታም።

ለእኛ ለሴቶች ከዚህ በላይ የሚያስጨንቀን ገንዘቡ በማን ስም ይወጣል የሚለው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነበር። ያ አልፎ የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130/1999 ባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ማረጋገጫ እንዲያገኙ ደንግጓል። ሆኖም ከመካከላችን አንዲት እናት ደብተሩ ላይ ስማቸው አልነበረም። ካሳው በባላቸው ሒሳብ ገባ፤ እሳቸው የሰሙት ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። የማኅበራችን አንድ ሺህ ብር እንኳ ያለ ሦስት ፊርማ ከባንክ አይወጣም፤ የሃያ ዓመት እርሻ ግን በአንድ ፊርማ ወጣ። አሁን ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ነው፤ ቀጠሮ ባላቸው ቀን ተራ በተራ አብረናቸው እንሄዳለን።

የይዞታ ደብተር ያላችሁ አውጥታችሁ ስማችሁ መኖሩን እዩ። ከሌለ ለሚቀጥለው ስብሰባ ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ኑ፣ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን።