የሳተው ማን ነው?

በአንድ ፋብሪካ መግቢያ ላይ «የቅርብ መሳት ማመልከቻ ቅጽ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ከሥሩ የተሰቀለው ሳጥን ባዶ ነው። ሻይ ይዘው የቆሙ አንድ አዛውንት ሠራተኛ ነበሩና «ጋሼ፣ ቅርብ መሳት ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ፤ ራሱን ሊስት ምንም ያልቀረው ሰው ይሆናል።»

አልፈረድኩባቸውም። እንግሊዝኛው «ኒር ሚስ» ነው፤ ተርጓሚው ቃል በቃል ገለበጠውና ሄደ። ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ከመደርደሪያ የወደቀ ብረት ከሰው እግር አንድ ክንድ ርቆ ሲያርፍ። ማንም አልተጎዳም፤ ግን ያው ብረት ነገ ላይስት ይችላል። ዛሬ የመዘገበ ድርጅት የነገውን ሕክምና፣ ካሳና የቆመ ማሽን ወጪ ያድናል። የኢንሹራንስ ሰው የነበረው ኸርበርት ሃይንሪክ በ1931 (እ.ኤ.አ.) አንድ ከባድ ጉዳት ሲደርስ 29 ቀላል ጉዳቶችና ማንንም ያልጎዱ 300 አደጋዎች አብረውት እንዳሉ ጽፏል። ስሌቱ ብዙ ተተችቷል፤ ያልጎዳውንም የመቁጠር ልማድ ግን ጸንቷል።

«ቅርብ ስህተት» የሚሉም አሉ። ይሄ ይብሳል። «ስህተት» የ«ሳተ» ልጅ ነው፤ ግን በስህተት ውስጥ ሳቹ ሁልጊዜ ሰው ነው። «ስህተትህን ጽፈህ ሳጥን ውስጥ ክተት» የተባለ ሠራተኛ እጁን ለካቴና እንደመስጠት ይቆጥረዋል። ፖል ኦኔል በ1987 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካውን አሉሚኒየም አምራች አልኮአን ሲረከብ ደህንነትን ከትርፍ አስቀደመ፤ ሠራተኛው ያየውን አደገኛ ነገር ሳይፈራ እንዲናገርም ገፋ። ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ከ100 ሠራተኛ 1.86 የነበረው ወደ 0.2 ወረደ። በ«ስህተት» ቅጽ ይህ የሚሆን አይመስለኝም።

«የተረፈ አደጋስ?» ብሎ የጠየቀኝ ወዳጅ አለ። የተረፈው ሰውየው ነው እንጂ አደጋው አይደለም፤ አደጋውን የምሳ ትራፊ አስመሰለው። «የከሸፈ አደጋ» ግን ልቤን ነክቶት ነበር። ከሸፈ የጥይት ቃል ነው፤ ቃታ ተስቦ ሳይተኩስ ሲቀር። ችግሩ፣ ሴራና መፈንቅለ መንግሥት የሚከሽፉት አስቀድመው ስለታቀዱ ነው። የብረቱን መውደቅ ማን አቀደው?

እኔ «ለጥቂት የሳተ አደጋ» እላለሁ። ድንጋይ በጆሮው ሥር ያለፈበት ልጅ «ለጥቂት ሳተኝ!» ይላል እንጂ «ቅርብ መሳት ገጠመኝ» አይልም። ሥሩ ያው «ሳተ» ነው፤ ሳቹ ግን ድንጋዩ ሆነ፣ ልጁ ነፃ ወጣ። ይረዝማል የሚሉኝ አሉ። ይርዘም።

ለአዛውንቱ ጥያቄዬን ለውጬ «ጋሼ፣ እዚህ ለጥቂት የሳተዎት ነገር አለ?» አልኳቸው።

«እሱማ ስንቱ!» አሉና ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ጣሪያው ላይ ወደተንጠለጠለው ሰንሰለት ይጠቁሙኝ ጀመር።